አዱሊስ፦ የአክሱም የባሕር በር ፍርስራሽ

አዱሊስ በቀይ ባሕር፣ በዙላ ባሕረ ሰላጤ ምዕራባዊ ዳርቻ የነበረች ጥንታዊ የወደብ ከተማ ናት። ፍርስራሿ ዛሬ በኤርትራ ግዛት፣ ከምጽዋ በስተደቡብ፣ ከሐዳስ ወንዝ አጠገብ ይገኛል። የአክሱም መንግሥት ከግብፅ፣ ከሮም፣ ከዓረብና ከሕንድ ጋር የሚነግደው በእሷ በኩል ነበር። ስለ ከተማይቱ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው በየዘመኑ ወደ ቦታው የዘለቁ ሰዎች አይተው ከጻፉት፣ ቆፍረውም ካወጡት ነው።

ከሁሉ የቀደመው ሰፊ መረጃ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው፣ “ፔሪፕለስ” በመባል የሚታወቀው የባሕር ነጋዴዎች መመሪያ ነው። በዚህ ጽሑፍ መሠረት አዱሊስ ከባሕሩ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ገባ ብላ የተቆረቆረች ስትሆን፣ ከእሷ እስከ አክሱም የስምንት ቀን መንገድ ነበር። የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የባሕር ኤሊ ቅርፊት ይወጣባታል፤ ጨርቅ፣ ብረት፣ ወይንና የወይራ ዘይት ይገባባታል። የአገሩ ገዥ ዞስካሌስ ግሪክኛ ያነብ እንደነበርም ጸሐፊው መዝግቧል።

ለታሪክ ትልቁን ውለታ የዋለው ግን በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዱሊስ የደረሰው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ ነው። ጊዜው የአክሱሙ ንጉሥ ዐፄ ካሌብ በየመን ወደነበረው የሒምያር መንግሥት ለመዝመት የሚሰናዱበት ነበር። ከከተማይቱ ምዕራባዊ መግቢያ፣ ወደ አክሱም በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጽሑፍ የተቀረጸበት የእምነ በረድ ዙፋን ቆሞ ነበር፤ ከኋላው ደግሞ ሌላ ጽሑፍ ያለበት የጥቁር ድንጋይ ሐውልት ነበር። ንጉሡ ጽሑፎቹ ተገልብጠው እንዲላኩላቸው የአዱሊስን ሹም አስባስን አዘዙ። ሹሙም ሥራውን ለኮስማስና ሚናስ ለተባለ ሌላ ነጋዴ ሰጠ። ኮስማስ አንድ ቅጂ ለራሱ አስቀርቶ በኋላ በመጽሐፉ አካተተው።

ኮስማስ ሁለቱን ጽሑፎች የአንድ ንጉሥ አድርጎ ቢወስዳቸውም የተለያዩ ናቸው። የሐውልቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፅን የገዛው የ3ኛው በጥሊሞስ ነው። የዙፋኑ ስሙ ያልቀረ የአክሱም ንጉሥ ድል ዝርዝር ነው። ንጉሡ ካስገበራቸው መካከል ሰሜኖች ይገኙበታል፤ አገራቸውም ከወንዝ ማዶ ያለ፣ ሰውን እስከ ጉልበቱ የሚያሰጥም በረዶ የሚጥልበት ተራራ ተብሎ ተገልጿል። የሰሜን ተራሮች በጽሑፍ ከተጠቀሱባቸው እጅግ ጥንታዊ ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው። ዙፋኑም ሐውልቱም ዛሬ የሉም። ቃላቸው የተረፈው ስለተገለበጠ ብቻ ነው።

ካሌብ እ.ኤ.አ. በ525 ወደ የመን ሲሻገሩ መርከቦቻቸው የተሰባሰቡት በአዱሊስ ወደብ በገበዛ ነበር። ከተማይቱ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተዳከመች። ለውድቀቷ አንዳንዶች እሳትንና ወረራን፣ ሌሎች ጎርፍንና የንግዱን መለወጥ በምክንያትነት ያቀርባሉ።

ከዚያ በኋላ የአዱሊስ ምድር ከደጋው አገር ታሪክ ጋር ዳግም የተገናኘው በ1860 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ዙላ ላይ ከመርከብ ወርዶ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ያመሩ ነበር። የእንግሊዝ ወታደሮች ዙላ በሰፈሩበት ወቅት ከፍርስራሹ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቆፈሩ፤ ያወጡትም ቅርስ ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ።

እ.ኤ.አ. በ1906 ስዊድናዊው ሚስዮናዊ ሱንድስትሮም አንድ ታላቅ ሕንፃ አገኘ። በዓመቱ ጣሊያናዊው ፓሪቤኒ አብያተ ክርስቲያናትንና የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞችን አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1961 እና 1962 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ አንፍሬ ቆፈረ። ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ ደግሞ የኤርትራና የጣሊያን ባለሙያዎች በጋራ ሠርተውበታል።

ወደ አዱሊስ የሚሄድ ጎብኚ የቆመ ግንብ አይጠብቀውም። የሚታየው በሙቅ ሜዳ ላይ የተበተነ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ የሸክላ ስባሪና በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ የተገለጠ የግድግዳ መሠረት ነው። ግድግዳውን ቀረብ ብሎ ያየ ግን የአክሱምን እጅ ይለይበታል፤ እርከን እርከን እየሠራ ወደ ላይ ይጠባል፣ ፊቱም ወጣ ገባ ይላል። ከአብያተ ክርስቲያናቱ የተገኘው የተቀረጸ እምነ በረድ በአንጻሩ ከቢዛንታይን ምድር በመርከብ የመጣ ነው። ከአቃባ ወደብ የመጡ እንስራዎች ስባሪም በብዛት ተገኝቷል።

የከተማይቱ አብዛኛው ክፍል ወንዙ ባመጣው ደለል ሥር እንደተቀበረ ነው። ደለሉ ሸፍኖ አቆይቶታል፤ ተገልጦ ያልተጠበቀ ግድግዳ ግን ለዝናብ፣ ለጨዋማ ነፋስና ለድንጋይ ለቃሚ ይጋለጣል። ስለዚህ በአዱሊስ ቁፋሮና ጥበቃ ተነጣጥለው ሊሄዱ አይገባም፤ የሚወጣው ሁሉ ተለክቶ፣ ተሥሎ፣ ተመዝግቦ መቀመጥ አለበት። አዱሊስ የአክሱም ሥልጣኔ ወራሽ የሆኑ ሕዝቦች ሁሉ የጋራ ታሪክ ናትና፣ መዝገቧ በትግርኛም በአማርኛም ሊነበብ ይገባዋል።