ሕፃናትን ሁሉ ባንድነት ስለሚያስተምር መምህር

«ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» ሲሉ አባቶቻችን መተረታቸው የታወቀ ነው። የተረቱም ፍሬ ነገር ልጅን የሚወድ ሰው ደስ የሚያሰኘውን ብቻ ይዞ የሚያስቸግረውን መተው አይገባውም ማለት ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ ስለ ሕፃናት መምህራን ሥልጠና ለመጻፍ ስናስብ ይኸው ተረት ትዝ አለን። ዓይኑ የሚያየውንና የማያየውን፣ ጆሮው የሚሰማውንና የማይሰማውን፣ ፈጥኖ የሚያስተውለውንና የሚዘገየውን ሕፃን ባንድ ክፍል አስቀምጦ ማስተማር በዘመናችን አካቶ ትምህርት ይባላል። ይህን ሥራ የሚሠራ መምህር ምን መማር እንደሚገባው ክቡራን አንባቢዎቻችን ቢያስቡበት መልካም መስሎ ታይቶናል።

ለዚህ ነገር የድሬዳዋን ከተማ ምሳሌ አድርገን እንወስዳለን። ከተማዪቱ የተቈረቈረችው ምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ከስፍራው በደረሰ ጊዜ ነው። ስለ አገራችን የሕፃናት ትምህርት የጻፉ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ አፀደ ሕፃናት የተከፈተው በድሬዳዋ ነው፤ የተከፈተውም ለምድር ባቡር ሥራ ለመጡት ለፈረንሳውያን ልጆች ነበር። የአገሩ ልጅ ግን ፊደሉን የሚቈጥረው ከየኔታ ዘንድ ወይም ከቁርአን ቤት ነበር።

አፀድ በግዕዝ የአትክልት ስፍራ ማለት ነው። ስሙም የመጣው ፍሪድሪክ ፍሮብል ከተባለው የጀርመን መምህር ነው፤ እርሱም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1837 ዓ.ም. የከፈተውን የሕፃናት ቤት ከሦስት ዓመት በኋላ የሕፃናት አትክልት ስፍራ ብሎ ሰየመው። ማሪያ ሞንቴሶሪ የተባለችው የኢጣልያ ሐኪም ደግሞ መጀመሪያ በሮም ከተማ የአእምሮ ዕድገታቸው የዘገየ ልጆችን ታስተምር ነበር። በዚያ የሞከረችውን በእጅ የሚዳሰስ መሣሪያ ይዛ በ1907 እ.ኤ.አ. ለሌሎች ሕፃናት ቤት ብትከፍት እጅግ ጠቀመ። ስለዚህ ለተቸገረው ልጅ የተፈለገው ዘዴ ያልተቸገረውን የሚጐዳ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ታሪክ ቢያስተውሉት ይገባል።

በእኛም አገር ቢሆን ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ትምህርቱ በቃል የሚጠና ስለ ሆነ፣ ዓይነ ስውር ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ዜማውንም ቅኔውንም ተምሮ ለመምህርነት ሲበቃ ኖሯል። ነገር ግን ይኸው በጆሮ የሚገባ ትምህርት መስማት ለተሳነው ልጅ በሩ ዝግ ነበር። ከዚህም የምንረዳው፣ ልጁ ከትምህርት የሚቀረው በጉዳቱ ብቻ ሳይሆን በማስተማሪያው መንገድ ምክንያት መሆኑን ነው።

እኛ ራሳችን በልጅነታችን ያየነውን አንድ ነገር እንናገር። በተማርንበት ስፍራ ሲጠሩት የማይመለስ፣ ሲያዝዙት የማይሰማ አንድ ልጅ ነበረ። መምህራችንም ንቀት መስሏቸው ብዙ ቀን አንበረከኩት፤ እኛም ጓደኞቹ ሳቅንበት። አንድ ቀን ግን እናቱ መጥታ ከበስተኋላው ቆማ በስሙ ብትጠራው ዝም አለ፤ ጥላዋን ከፊቱ ባየ ጊዜ ብቻ ዘወር ብሎ ዐቀፋት። መምህራችን ይህን አይተው እጅግ አዘኑ፤ ክፉ ሰው አልነበሩምና። ይሁን እንጂ ልጁ ከዚያ ወዲያ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም።

ይህ ነገር በድሬዳዋ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በከተማዪቱ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ ባንድ ሰፈር ይነገራሉ፤ ሕፃኑ ከእናቱ ጋር ባንዱ፣ ከጐረቤቱ ልጅ ጋር በሌላው ሲጫወት ያድጋል። እንግዲህ አንድ የ5 ዓመት ልጅ ተጠርቶ ዝም ቢል፣ የመምህርቱን ቋንቋ ስላላወቀ ነው? ወይስ ስላልሰማ ነው? ወይስ አፍሮ ነው? ያልሠለጠነ ሰው ሦስቱንም ስንፍና ብሎ ይፈርዳል።

ስለዚህ የሥልጠናው መጀመሪያ ማየትን መማር ነው። ሠልጣኟ ከክፍሉ ጥግ ተቀምጣ የምታየውን ትጽፋለች እንጂ አትፈርድም። «ሰነፍ ነው» ብላ አትጽፍም፤ «ሦስት ጊዜ ቢጠራ አልዞረም፤ ከበሮ ሲመታ ግን ዞረ» ብላ ትጽፋለች። ቀጥሎም ቤተ ሰቡ በቤት በሚናገሩት ቋንቋ ከኋላው እንዲጠሩት ታደርጋለች። በዚህም መልስ ካልሰጠ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ትመክራለች፤ መግል የያዘ ጆሮ በጊዜው ካልታከመ መስማትን ሊጐዳ ይችላልና። መምህርት ሐኪም አይደለችም፤ የሥራዋን ወሰን ማወቅም ከትምህርቷ አንዱ ክፍል ነው።

ሁለተኛው የክፍሉን ሥርዓት ማሰናዳት ነው። መስማት የሚያስቸግረው ልጅ የመምህርቱን ፊት በሚያይበት ስፍራ ይቀመጣል። እርስዋም ወደ ሰሌዳ ዞራ አትናገርም፤ ብርሃን ከሚገባበት መስኮት ፊት ለፊት ቆማ ፊቷን አታጨልምም። ለዓይነ ስውሩ ሕፃን ፊደሉ ከጭቃ ወይም ከገመድ ተሠርቶ በጣቱ ይዳስሰዋል፤ በኋላም በስድስት ነጥብ የሚጻፈውን ብሬል ለመማር ጣቱ ይለምዳል። ለሚዘገየው ልጅ ሥራው ይከፋፈልለታል፤ እጅ መታጠብ እንኳ ውሃ መክፈት፣ ሳሙና መያዝ፣ ማሸት፣ ማድረቅ ተብሎ አንድ በአንድ ይማረዋል። ሦስት ቋንቋ ባንድ ክፍል ማስተናገድ የለመደች የድሬዳዋ መምህርት፣ የምልክት ቋንቋን አራተኛ አድርጋ ብትጨምር አይከብዳትም ብለን እናምናለን።

ሦስተኛው ከወላጅ ጋር መነጋገር ነው። ብዙ ወላጅ ጕዳት ያለበትን ልጅ ጐረቤት እንዳያየው በጓዳ ይደብቀዋል፤ ይህንንም የሚያደርገው ልጁን ስለ ጠላ ሳይሆን ኀፍረትና ፍርሃት ስለ ያዘው ነው። ሠልጣኟ እንዲህ ካለው ቤት ገብታ፣ ቡና ጠጥታ፣ ሳትነቅፍ ማነጋገርን መማር አለባት።

ሕጉስ ተጽፏል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች ጠቅሷል። በዚያው ዓመት የ92 መንግሥታት መልእክተኞች በእስፓንያ አገር በሳላማንካ ተሰብስበው፣ ትምህርት ቤት ልጅን ሁሉ እንዲቀበል ቃል ተስማምተዋል። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። በዩኒቨርሲቲዎቻችንም አካታችነት የሚባል የጋራ ትምህርት ይሰጣል። ነገር ግን ዋናን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው ወንዝ እንደማይሻገር ሁሉ፣ አካቶ ትምህርትም በእውነተኛ ክፍል፣ ልምድ ባለው መምህር አጠገብ ካልተለማመዱት አይያዝም።

ልጁ ቢማር ምን ይሆናል የሚል ቢኖር፣ ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤን ይመልከት። በወሎ ተወልደው ገና በ5 ዓመታቸው የዓይናቸውን ብርሃን አጡ። በሻሸመኔ ከዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ሕግ አጠኑ። በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በዚያ ዕድሜያቸው በጓዳ ተደብቀው ቢቀሩ ኖሮ አገሪቱ ምን ያህል ባጣች ነበር!

እንግዲህ በሹመት ላይ ላላችሁ ክቡራን ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛው፣ የአፀደ ሕፃናት መምህራንን ስታሠለጥኑ ጕዳት ያለባቸው ሕፃናት በሚማሩበት ክፍል እንዲለማመዱ ጊዜና ገንዘብ መድቡላቸው፤ የምልክት ቋንቋ የሚያስተምራቸውም ሰው አቁሙላቸው። ሁለተኛው ከትእዛዝ ይልቅ በምሳሌ የሚሠራ ነው። ከመካከላችን ልጁን ወይም የዘመዱን ልጅ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚያስገባ ሰው ቢኖር፣ ነገ ጧት እጁን ይዞ በሰው ፊት ወደ ትምህርት ቤት ይውሰደው። ትልቅ ሰው ልጁን በግልጥ ሲያወጣ ያየ ድኻ ጐረቤትም የራሱን ልጅ አይደብቅም፤ መምህርቲቱም የተማረችውን የምታስተምረው ልጅ ታገኛለች።