ሸጎሌ፦ ከሰፈር ስም በስተጀርባ ያለው ቤት

አስር ሰግደን ከአንዋር መስጊድ ስንወጣ መርካቶ የኢፍጣር ሰዓት ጥድፊያ ላይ ነበረች። ተምር የሚያስመዝነው፣ ሳምቡሳ የሚያስጠቀልለው ብዙ ነው። በዚህ መሐል የታክሲ ረዳቶች «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» ይላሉ። የሚጠሩት የሰው ስም መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ስያሜው የመጣው ከቤላ ሻንጉሉ ገዥ ከሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ነው። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን ወደዚያ ዘምተው አገሩ በአፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ሲጠቃለል፣ ሼህ ሆጀሌ ወደ አዲስ አበባ መጡ። በኋላም ወደ ግዛታቸው ተመልሰው ሲያስተዳድሩ ግብራቸውን በወርቅ ያስገቡ ነበር። ከመርካቶ በስተሰሜን ምዕራብ ያለው ትልቁ የእንጨት ቤታቸው ሰፈሩን በስማቸው አስጠራው።

ያን ጊዜ አዲስ አበባ ከድንኳንና ከሣር ጎጆ ወደ ከተማነት እየተሸጋገረች ነበር። በዘመኑ የተሠሩ የእንጨት ቤቶች እያንዳንዱ ነገራቸው ምክንያት አለው። የድንጋዩ መሠረት እንጨቱን ከእርጥበትና ከምስጥ ያርቃል። ግድግዳው ጭድ በገባበት ጭቃ የተመረገ ስለሆነ የክረምት ዶፍ እንዳያጥበው ሰፊ በረንዳና ወደ ውጭ የወጣ የቆርቆሮ ጣሪያ ያስፈልገዋል። ብዙዎቹን በማስዋብ የህንድና የአርመን አናጺዎች እጅ አለበት፤ በጣሪያው ጠርዝ ላይ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለው ጣውላ ለዚህ ምስክር ነው።

የቤቶቹን ዕጣ የቀየረው ግን ዝናብ አይደለም። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ገቡ። ሰፋፊ ሳሎኖች በኮምፖርሳቶ ተከፍለው የብዙ አባወራ መኖሪያ ሆኑ። የቀድሞው ባለቤት ቤቱ ከእጁ ስለወጣ፣ ተከራዩም የራሱ ስላልሆነ፣ በረንዳው ሲያዘምም የሚያቃናው ጠፋ። ኪራዩ አነስተኛ መሆኑ ግን ለብዙ ድሃ ቤተሰብ መጠለያ እንደሆነም መዘንጋት የለበትም።

ዛሬ በአንዋር ዙሪያም የእንጨትና የጭቃ ቤቶች ቦታቸውን ለፎቅ እየለቀቁ ነው። ሁሉንም ማቆየት አይቻልም፤ ለነዋሪውም የተሻለ ቤት ይገባዋል። ታሪካቸው ግን አብሯቸው መፍረስ የለበትም። የሼህ ሆጀሌን ስም የታክሲ ረዳት ሳይቀር ያቆየልናል፤ የአያቶቻችንን ቤት ግን ከእኛ በቀር የሚያስታውስ የለም።

ረመዳን ቤተሰቡን በአንድ ማዕድ ዙሪያ የሚሰበስብ ወር ነው። ከኢፍጣር በኋላ፣ ለተራዊህ ከመውጣታችን በፊት፣ ትልልቆቹን እንጠይቃቸው፦ ቤቱን ማን አሠራው? በግዢ መጣ ወይስ በውርስ? በ1967 ምን ሆነ? ከልጆቹ አንዱ ይጻፈው። አሮጌው ውልና የኪራይ ደብተርም ከሣጥን ወጥቶ ፎቶ ይነሣ። አላህ ዕድሜ ይስጣቸው እንጂ፣ በሚቀጥለው ረመዳን የሚነግረን ሰው እናገኝ እንደሆን አናውቅም።