ሰልፉ ሲበተን የሚቀዘቅዘው ገበያ

በአዳማም ሆነ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባሉት ከተሞች የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጃፍ ራሱን የቻለ ገበያ ነው። ማመልከቻ ጸሐፊው፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ አንሺው፣ ሊስትሮውና ሻይ ሻጯ የሚተዳደሩት ፈቃድ ሊያሳድስ ወይም ግብር ሊከፍል በተሰለፈው ባለጉዳይ ነው። ሱቁን ዘግቶ የመጣው ነጋዴ ወረፋው በረዘመ ቁጥር ይከስራል፤ እነሱ ግን ያተርፋሉ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ ሲነገር የዚህ ገበያ ሚዛን ተናጋ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ስብሰባም ተከለከለ። ለአዳማ ጉዳቱ ድርብ ነበር። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ከተማ በመንግሥት ስብሰባና ሥልጠና የምትታወቅ ናትና፣ ጉባኤው ወደ ቪዲዮ ሲዛወር አልጋውም አዳራሹም ባዶ መሆኑ አይቀርም።

በሌላ በኩል ወረርሽኙ ሲጓተት የቆየውን ሥራ አጣደፈው። በዚያው ዓመት ብሔራዊ ባንክ ባንክ ላልሆኑ ድርጅቶች የሞባይል ገንዘብ በር ከፈተ፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ጸደቀ፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 የሚዘልቀው የዲጂታል ኢትዮጵያ ስትራቴጂም ወጣ። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ሲጀምር ነጋዴው ባንክ ሳይሰለፍ መክፈል የሚችልበት መንገድ ሰፋ።

ይሁንና መሠረቱ የቱን ያህል ስስ እንደሆነ የታየው ቀደም ብሎ ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ መገደል ማግሥት፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋረጠ። በሪፍት ቫሊ ከተሞች ሱቅና ሆቴል በተቃጠለበት በዚያ ሰሞን ሐምሌ ገባ፤ ሐምሌ ደግሞ የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች ወር ነበር። ከሰው ጋር አትነካካ የተባለው ነጋዴ በስልኩ የሚገለገልበትን መስመርም አጣ።

የደጃፉ ገበያስ ጠፋ? አልጠፋም፤ ሙያ ቀየረ። ትናንት ማመልከቻ ይጽፍ የነበረ ዛሬ ለፓስፖርት አመልካች በኢንተርኔት ቅጽ ሞልቶ ያስከፍላል። ቴክኖሎጂው ወረፋውን ከመስኮቱ ወደ ኮምፒዩተሩ አዛወረው እንጂ ደላላውን አላስቀረም። ፊደል ያልቆጠረው ባለጉዳይ አሁንም ለሌላ ሰው ጣት ይከፍላል።

ኔትወርክ የጠፋ ዕለት ደግሞ ያው አሮጌው ሰልፍ ይመለሳል፤ ሻይ ሻጯም ጀበናዋን ትጥዳለች።