የተጠርጣሪው ቃልና የመርማሪው ኃላፊነት

እ.ኤ.አ. በ2000 ለእይታ የበቃው «አንደር ሰስፒሽን» የተሰኘው ፊልም ታሪክ በአመዛኙ የሚከናወነው በአንድ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ነው። በፖርቶ ሪኮ ዋና ከተማ በሳን ሁዋን አንድ የታወቀ የሕግ ባለሙያ በታዳጊ ሴቶች ግድያ ተጠርጥሮ ይጠየቃል። ጂን ሃክማን ተጠርጣሪውን፣ ሞርጋን ፍሪማን መርማሪውን ሆነው ይተውናሉ። የትዳሩ ገመና አንድ በአንድ የተገለጠበት ተጠርጣሪ በመጨረሻ ግድያውን ያምናል። ይሁንና እውነተኛው ገዳይ ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። ክሎድ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1981 ያዘጋጀው «ጋርድ አ ቩ» የተሰኘው የፈረንሳይ ፊልምም መነሻው ይኸው ልብ ወለድ ነው።

ተጠርጣሪውን ላልሠራው ወንጀል ያሳመነው በዋናነት ኃፍረትና ተስፋ መቁረጥ ነው። የኢትዮጵያ ሕግም አደጋውን የሚያየው ከዱላ ባሻገር ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 31 ማስፈራራትን ብቻ ሳይሆን ማባበልንና ተስፋ መስጠትንም ከልክሏል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለውና በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል።

ጉዳዩ ከሶማሌላንድ ጋር በሚዋሰነው የሀርሺን ወረዳ ሌላ መልክ ይይዛል። በሶማሌ አርብቶ አደሮች ባህላዊ ሕግ፣ ማለትም በ«ሔር»፣ የነፍስ ግድያ የግለሰብ ብቻ ሳይሆን የጎሳም ዕዳ ነው። ካሳው በልማዱ ለወንድ 100፣ ለሴት 50 ግመል ነው። ሽማግሌዎች በቅድሚያ የሚጠይቁት ከፋዩ የትኛው ጎሳ እንደሆነ ሲሆን፣ ዓላማቸውም ደም መመላለስን ማስቆም ነው። በዚህ ረገድ ውለታቸው ቀላል አይደለም።

ችግሩ የሚነሳው የሽማግሌዎቹ ስምምነት ወደ ምርመራ መዝገብ ሲገባ ነው። ጎሳው ካሳ መክፈሉ ተጠርጣሪው ድርጊቱን ስለማመኑ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ለባህላዊ ሕግ የተወው በተከራካሪዎች ፈቃድ የሚታዩ የግልና የቤተሰብ ጉዳዮችን ነው። ከዕርቅ በኋላ ምስክር ለመቅረብ ሲያመነታ፣ የመርማሪው ዓይን በተጠርጣሪው ቃል ላይ ብቻ ማረፉ አይቀርም። አደጋውም ይህ ነው።

ቋንቋም ሌላው ጉዳይ ነው። ቃሉ የሚጻፍበትን ቋንቋ ለማያውቅ ተጠርጣሪ፣ የጥያቄና መልሱን ትክክለኛነት የሚያረጋግጥ አስተርጓሚ እንዲቀርብ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 27 ያዛል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የሚቀርብበት ጊዜ የጉዞውን አይጨምርም፤ ሆኖም የቦታው ርቀት ለጉዞው በአግባቡ ከሚያስፈልገው በላይ ለማቆየት ሰበብ አይሆንም።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 መሠረት ቃል ለማግኘት ተገቢ ያልሆነ ዘዴ የተጠቀመ የመንግሥት ሠራተኛ ድርጊቱ ከባድ ሲሆን እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ድርጊቱ በኃላፊ ትእዛዝ የተፈጸመ ከሆነ የኃላፊው ቅጣት እስከ 15 ዓመት ከፍ ይላል።