ወይራን በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን መትከልና መንከባከብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወይራ በቅዱሳት መጻሕፍት ተደጋግመው ከሚጠቀሱ ዕፅዋት አንዱ ነው። ኖኅ የጥፋት ውኃ መጉደሉን ያወቀው ርግብ ባመጣችለት የወይራ ቅጠል ነው (ዘፍ. 8፥11)። ነቢዩ ዳዊትም ራሱን በእግዚአብሔር ቤት በለመለመ ወይራ መስሏል (መዝ. 51፥8)። በዐቢይ ጾም እኩሌታ የምናከብረው በዓለ ደብረ ዘይት ስሙን ያገኘው ጌታችን ስለ ዳግም ምጽአቱ ካስተማረበት፣ ወይራ ከበዛበት ተራራ ነው (ማቴ. 24፥3)።

በሀገራችን ደጋና ወይና ደጋ የሚበቅለው ወይራ በኢየሩሳሌም ዙሪያ ለዘይት ከሚለማው ጋር የቅርብ ዘመድ ቢሆንም ዱር በቀል ነው። ፍሬው ትንሽ፣ ሥጋውም ስስ ስለሆነ ለዘይት አይለማም። ቅዱስ ጳውሎስ ከአሕዛብ ወገን ያመኑትን በመልካሙ ወይራ ላይ እንደ ገባ የዱር ወይራ አድርጎ አስተምሯል (ሮሜ 11፥17-24)። እኛም ይህን ምሳሌ የምንሰማው የዱሩን ወይራ በደጃችን እያየን ነው።

ወይራ ለምን ተመናመነ?

እናቶቻችን የወተትና የጠላ ዕቃ ያጥኑበታል፤ ቀንበጡ መፋቂያ ይሆናል፤ ጠንካራው እንጨቱም ለእርሻ መሣሪያና ለቤት ምሰሶ ያገለግላል። ይህ ጠቀሜታው ለመቆረጡ ምክንያት ሆነ። ስለሆነም ዛሬ በብዙ የደጋ አካባቢዎች በዕድሜ የገፋ ወይራ የሚገኘው በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ይሁን እንጂ በዐጸዱም ውስጥ ታላላቆቹ ዛፎች ቆመው ተተኪ ችግኝ ከሥራቸው የማይታይበት ቦታ ብዙ ነው። ከብቶች ቡቃያውን ይግጡታል፤ ለጽዳት ሲባል ቁጥቋጦው ይመነጠራል፤ ለገቢ የሚተከለው ባሕር ዛፍም ውኃውን ይሻማዋል። ለአገልግሎት ማስኬጃ ገቢ ማስፈለጉ እሙን ነው። ነገር ግን ባሕር ዛፉን ከዐጸዱ ርቆ በሚገኝ ቦታ መትከል ይቻላል።

እንዴት እንትከለው?

በመጀመሪያ ጠቁሮ የበሰለ ፍሬ ይለቀማል። ሥጋው ታሽቶ ይታጠባል፤ ዘሩም በጥላ ይደርቃል። የዘሩ ልባስ እንደ አጥንት ጠንካራ ስለሆነ እንዲሁ ቢዘራ ለመብቀል እጅግ ይዘገያል። ስለዚህ ውስጡን ሳይጎዱ ልባሱን በጥንቃቄ ሰንጥቆ ሳይቆይ በጥላ ባለው መደብ መዝራት ይገባል።

ሁለተኛው ቦታ መምረጥ ነው። ወይራ ድርቅን ይችላል፤ ውኃ የሚተኛበትን መሬት ግን አይወድም። በዱር ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን በቁጥቋጦ ሥር ይጥሉታል፤ ቡቃያውም በዚያ ከፀሐይና ከከብት ተከልሎ ያድጋል። እኛም ቁጥቋጦውን ከመመንጠር ይልቅ ችግኙን በጥጉ ብንተክለው ይጸድቃል። የመትከያው ጊዜ ክረምቱ ሲገባ፣ መሬቱ በሚገባ ከራሰ በኋላ ነው።

ሦስተኛው ጥበቃ ነው። ከጥቅምት በኋላ የደጋው ውርጭ ለጋውን ቅጠል ስለሚያቃጥል ችግኙን በሣርና በቅጠል ጥላ መከለል ይጠቅማል። ሥሩን በደረቅ ሣር መሸፈንም እርጥበቱን ያቆያል። በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ደናቸውን በድንጋይ ካብ አጥረው ከብት እንዳይገባ አድርገዋል። ድንጋዩ በአካባቢው የሚገኝ ስለሆነ ይህ ለሌሎችም አርአያ ነው።

ከማን ምን ይጠበቃል?

ችግኝ የሚተከለው በክረምት፣ በእልልታና በብዙ ሰው ነው፤ የሚደርቀው ግን በበጋ፣ ማንም በሌለበት ነው። ስለሆነም የሰበካ ጉባኤያትና የሰንበት ትምህርት ቤቶች ስንት ችግኝ እንደሚተክሉ ብቻ ሳይሆን በጥርና በየካቲት ውኃ የሚያጠጣው ማን እንደሆነ አስቀድመው ሊወስኑ ይገባል። መቶ ተክሎ ከመርሳት ዐሥር ተክሎ ማጽደቅ ይሻላል። ወይራ ቀስ ብሎ የሚያድግ በመሆኑ የምንተክለው ለልጆቻችን ነው። በበዓላት ቀን የምንጠለልበትን ጥላ ያቆዩልን አባቶችም እንዲሁ አድርገዋልና አደራቸውን እንጠብቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።