ክብደትን ማከፋፈል እንጂ ማቅለል አይደለም፦ ስለ ተሳቢ መንጠቆ የተሰጠ ሕዝባዊ ገለጻ



የዛሬውን ርዕስ ያቀበለኝ በአሜሪካ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ቤተሰቡን ይዞ ሽርሽር የሚሄድበት፣ መኝታና ማብሰያ ያለው ተሳቢ ገዛ። ከመኪናው ጋር ሲያያይዘው የመኪናው ኋላ ወረደ፤ ፊቱም ወደ ላይ ቀና። ክብደት አከፋፋይ መንጠቆ እንዲገጥም ተመከረ። እርሱም ደውሎ «ዶክተር፣ ይህን ብገጥም ከተፈቀደው ክብደት በላይ መጎተት እችላለሁ?» ሲል ጠየቀኝ። መልሴ «አትችልም» የሚል ነበር። ምክንያቱን ላስረዳ።

በአገራችን መንገዶች የምናያቸው ከባድ ተሳቢዎች በአብዛኛው ከፊትም ከኋላም አክሰል ስላላቸው ሸክማቸውን ራሳቸው ይችላሉ። የተማሪዬ ዓይነት ተሳቢ ግን አክሰሉ መሀል አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው፣ መካኒኮቻችን ጋንቾ በሚሉት መንጠቆ ላይ ማረፍ ይኖርበታል። መጠኑ ከዚህ ካነሰ ተሳቢው በፍጥነት ሲጓዝ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ሊጀምር ይችላል። ስለሆነም ዕቃን ወደ ተሳቢው ኋላ በማሸጋገር መንጠቆውን ለማቅለል መሞከር አደገኛ ነው።

መንጠቆው ላይ 300 ኪሎ ግራም አረፈ እንበል። መንጠቆው ከመኪናው የኋላ አክሰል 1.2 ሜትር ይርቃል፤ በመኪናው ሁለት አክሰሎች መካከል ደግሞ 3.6 ሜትር አለ። የኋላው አክሰል እንደ መፈንቅል መደገፊያ ስለሚሆን፣ ከፊቱ አክሰል ላይ 100 ኪሎ ግራም ይነሣል፤ በኋላው ላይ ግን 300 ሳይሆን 400 ይጨመራል። መሪውን የሚታዘዙትና የፍሬኑን ሥራ በአመዛኙ የሚሸከሙት የፊት ጎማዎች ናቸውና፣ ስጋቱ ከዚህ ይመነጫል።

ክብደት አከፋፋዩ መንጠቆ ከራሱ ተነሥተው ወደ ተሳቢው ሻሲ የሚዘረጉ፣ እንደ ሞላ የሚለመጡ ሁለት ዘንጎች አሉት። ዘንጎቹ በሰንሰለት ወይም በድጋፍ ብረት ሲወጠሩ፣ የእጅ ጋሪ እጀታ ወደ ላይ ሲነሣ ሸክሙ ወደ ፊት ጎማው እንደሚያዘነብል ሁሉ፣ ክብደቱን ወደ ፊት ይመልሱታል። ከመኪናው የኋላ አክሰል እስከ ተሳቢው አክሰል 4.5 ሜትር ቢሆን፣ ለፊቱ አክሰል 50 ኪሎ ግራም ስንመልስለት የተሳቢው አክሰል 40 ይጨመርበታል፤ የመኪናው የኋላ አክሰል ደግሞ 90 ይቀልለታል። እንደምር፦ ኋላው 310፣ ተሳቢው 40፣ ፊቱ 50 ጎድሎ፤ ድምሩ ያው 300 ነው። አንድም ኪሎ አልጠፋም።

በምርጫ ጊዜ መነሻው የባዶው ተሳቢ ክብደት ሳይሆን፣ ውኃው፣ ጋዙና ጓዙ ተጭኖ መንጠቆው ላይ የሚያርፈው ነው። ከመኪናው የኋላ አክሰል በስተኋላ የሚጫነውም ዕቃ ይታሰባል። ዘንጎቹ ከዚህ ድምር ጋር የሚመጣጠን አቅም ይኑራቸው፤ ደካማዎቹ በቂ ክብደት አይመልሱም፤ ከልክ በላይ ጠንካራዎቹ ደግሞ ንዝረትን ወደ ሻሲው ያስተላልፋሉ። የመኪናውም የተሳቢውም መመሪያ መሣሪያውን መፍቀዱ አስቀድሞ ይረጋገጥ።

በገጠማ ጊዜ መኪናውና ተሳቢው በደልዳላ ቦታ ይቁሙ። የፊት ፓራፋንጎው ከመሬት ያለው ከፍታ ሦስት ጊዜ ይለካ፦ ተሳቢው ሳይያያዝ፣ ተያይዞ ዘንጎቹ ሳይወጠሩ፣ በመጨረሻም ከተወጠሩ በኋላ። ብዙ አምራቾች ከጨመረው ከፍታ ግማሽ ያህሉ እንዲመለስ ያዝዛሉ፤ የመኪናው መመሪያ ሌላ ካለ ግን እርሱ ይከበር። ከሚገባው በላይ መመለስ የኋላ ጎማዎች መሬት የመቆንጠጥ አቅማቸውን ያሳጣቸዋል። ዘንጎቹን ከመወጠርም ሆነ ከመፍታት በፊት የተያያዘውን መገጣጠሚያ በተሳቢው ክሪክ ከፍ ማድረግ ጫናውን ያቀልላል። የተወጠረ ዘንግ ድንገት ቢለቅ አጥንት ሊሰብር ይችላልና ማንም ከፊቱ አይቁም። ብሎኖቹ በአምራቹ ልክ ይጥበቁ፤ ከመጀመሪያው አጭር ጉዞ በኋላም እንደገና ይፈተሹ።

የመጨረሻው ዳኛ የከባድ መኪና ሚዛን ነው። ተማሪዬን ሙሉ ጓዙንና ቤተሰቡን ጭኖ እያንዳንዱን አክሰል እንዲያስመዝን መከርሁት። ሚዛኑ ከተፈቀደው በላይ ካሳየ፣ መፍትሔው ጓዝ መቀነስ ወይም ተሳቢውን መለወጥ ብቻ ነው። መሣሪያው የቀናውን መኪና ያስተካክላል፤ ዓይናችንም በዚህ ይረካል። ነገር ግን የተስተካከለ መኪና ሁሉ ከአቅሙ በታች የጫነ ነው ማለት አይደለም።