ፈንክሽንን ከማትላብ ወደ ሲ ማሻገር፦ አድራሻው ብቻ ለምን አይበቃም?



ዛሬ የምንመለከተው በማትላብ የተጻፈን ፈንክሽን ኮምፓይል ለተደረገ የሲ ፕሮግራም ስለ ማቀበል ነው። ኢንቴግራል የሚያሰላው የሲ ኮድ ፈጣን ነው፤ የሚሰላው ቀመር ግን በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ተመራማሪው በማትላብ ሊጽፈው ይመርጣል። የቀረው ሁለቱን ማገናኘት ብቻ ይመስላል።

ችግሩ የሚመነጨው «ፈንክሽን» የሚለው ቃል በሁለቱ ዘንድ የተለያየ ትርጉም ስላለው ነው። በሲ የፈንክሽን ፖይንተር ትእዛዞቹ የሚገኙበት የማህደረ ትውስታ አድራሻ ነው፤ ሌላ የሚሸከመው ነገር የለም። በማትላብ ግን ለ«ሀ» 3 የሚል ዋጋ ሰጥተን የተቀበለውን ቁጥር በ«ሀ» የሚያባዛ ስም የለሽ ፈንክሽን ብንፈጥር፣ 3 በዚያው ቅጽበት ከፈንክሽኑ ጋር ይታሰራል። ኋላ «ሀ» ወደ 5 ቢለወጥም ፈንክሽኑ የሚያባዛው በ3 ነው። እንግዲህ የማትላብ ፈንክሽን ስንቁን ይዞ የሚጓዝ መንገደኛ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን መንገደኛ ሲ የሚቀበለው በሜክስ ፋይል በኩል ነው። የሚደርሰውም ማትላብ ራሱ የሚያስተዳድረው ዕቃ እንጂ አድራሻ አይደለም። ስለዚህ በመካከል አስተርጓሚ የሚሆን አጭር የሲ ፈንክሽን እንጽፋለን፤ እርሱም «ሜክስ ኮል ማትላብ» በተባለው አገልግሎት አማካይነት ዕቃውንና ነጥቡን ለማትላብ ሰጥቶ መልሱን ይቀበላል።

ታዲያ አስተርጓሚው ዕቃውን ከየት ያገኘዋል? ብዙዎች ለፕሮግራሙ ሁሉ የጋራ በሆነ ተለዋዋጭ ያስቀምጡታል። ድርብ ኢንቴግራል እስኪመጣ ድረስ ይህ ይሠራል። በድርብ ኢንቴግራል የውጭው ፈንክሽን ያንኑ ሜክስ ፋይል እንደገና ይጠራል፤ የውስጡ ጥሪ የጋራውን ቦታ በራሱ ፈንክሽን ይተካዋል፤ ወደ ውጭው ስንመለስ የሚቀጥለው ነጥብ በተሳሳተው ፈንክሽን ይሰላል። ፕሮግራሙ ላይወድቅ ይችላል፤ የስሕተት መልእክትም ላይወጣ ይችላል። ቁጥር ይወጣል፤ ቁጥሩ ግን ሐሰት ነው። በእኔ ግምት ከወደቀ ፕሮግራም ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ነው፤ የወደቀውን ማንም ያየዋል፣ ሐሰተኛው ቁጥር ግን በመመረቂያ ጽሑፍ ሠንጠረዥ ውስጥ ይቀመጣል።

መፍትሔው ጂ.ኤስ.ኤል. በተባለው የጂ.ኤን.ዩ. ሳይንሳዊ ላይብረሪ ንድፍ ውስጥ ይገኛል። ላይብረሪው ፈንክሽንን የሚቀበለው ሁለት ክፍል ባለው ስትራክት ነው፤ አንዱ የፈንክሽን ፖይንተር፣ ሌላው ዓይነቱ ያልተወሰነ፣ ቮይድ የሚባል ፖይንተር ነው። ሁለተኛውን ላይብረሪው አይመረምረውም፤ በጠራ ቁጥር ለአስተርጓሚው እንዳለ ያቀብለዋል። የማትላቡ ዕቃ በዚያ ይጓዛል፤ እያንዳንዱ ኢንቴግራልም የየራሱን ስንቅ ይይዛል። (በሲ መደበኛ ላይብረሪ ያለው ኪውሶርት ይህን ቦታ አለማስቀመጡ ያስቆጫል።)

ፍጥነትን በተመለከተ፣ ዋጋው ያለው በመሻገሪያው ላይ ነው። ባለ 21 ነጥብ የጋውስ–ክሮንሮድ ደንብ ለአንድ ክፍልፋይ 21 ጊዜ ወደ ማትላብ ያመላልሰናል። የራሳችንን ኮድ የምንጽፍ ከሆነ ነጥቦቹን በአንድ ድርድር አድርጎ በአንድ ጉዞ መላክ ይሻላል።

ስሕተት ሲፈጠርስ? ማትላብ በጥሪው መካከል ስሕተት ቢያገኝ፣ እንደ ልማዱ ሜክስ ፋይሉን ትቶ በቀጥታ ወደ ራሱ ይመለሳል፤ በማሎክ የተያዘው ማህደረ ትውስታም ሳይለቀቅ ይቀራል። ስለዚህ ስሕተትን በሚይዘው «ሜክስ ኮል ማትላብ ዊዝ ትራፕ» መጠቀም፣ በስንቁ ላይ ምልክት ማድረግ፣ ለላይብረሪውም ናን መመለስ ይገባል። ከዚያ በፊት ግን የጂ.ኤስ.ኤል.ን የራሱን የስሕተት ተቆጣጣሪ ማጥፋት አይዘንጋ፤ እርሱ ካልጠፋ ስሕተት ባገኘ ጊዜ ማትላብን ራሱን ይዘጋዋል።